ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ አልከፈት ያለው የሒሳብ ፎልደር

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ የቆየ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ቢሮ ያለውን የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ነው። የድርጅቱ መሸጫና መጋዘን መርካቶ ሲሆን፣ ሒሳቡ፣ የባንክ ሰነዱና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ የሚሠራው ግን በዚህ ቢሮ ነው። በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሸጋገሩ የሒሳብ ክፍሉ ሥራ ተቋረጠ፤ ተስተካክሏል ከተባለ በኋላም በሌላ መልክ ዳግም ተቋረጠ። እኔ የተጠራሁት በሁለተኛው መቋረጥ ላይ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ክፍል የጻፍሁት በማሽኖቹ ላይ ከቀረው መዝገብና ሠራተኞቹ ከነገሩኝ በመነሣት ነው።

ለሽግግሩ ምክንያት የሆነው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ነው። ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት ተጀምሮ እሑድ እንዲያልቅ፣ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው እንደ ወትሮው እንዲገባ አዘዙ። ውሳኔው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ማንም ቆም ብሎ ያላየው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ስምንቱ ኮምፒውተሮች በኔትወርኩ ላይ በየቀኑ ምን እንደሚጠይቁና ማን እንደሚመልስላቸው ነው።

የቢሮው ኔትወርክ እንዴት ይሠራ ነበር

በቢሮው «ሰርቨር» እየተባለ የሚጠራው በገንዘብ ያዡ ክፍል ጥግ የተቀመጠ፣ ዳንቴል የለበሰ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። የተጫነበት ዊንዶውስ 7 ፕሮፌሽናል ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ትውልዶች በፊት የተሠራ ስለሆነ ከሽግግሩ ውጭ ተደርጎ ቀርቷል። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም መረጃ በሙሉ ያለው በዚህ ማሽን ውስጥ ባለ አንድ ፎልደር ነው። ፎልደሩ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆኖ ሼር ተደርጓል፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ቅንብር ጠፍቷል፤ በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይም «ዜድ» ድራይቭ ሆኖ ይታያል። ማሽኑ ራሱም ሲበራ ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዴስክቶፑ ይገባ ነበር። የአዲስ አበባን አነስተኛና መካከለኛ ቢሮዎች የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ በእኔ ግምት እንዲህ ያልሆነውን ማግኘት ነው የሚከብደው።

ከስምንቱ የሠራተኞች ኮምፒውተሮች ስድስቱ የዊንዶውስ ፕሮ እትም ያላቸው ሲሆኑ፣ ሁለቱ ደግሞ የሽያጭ ሠራተኞች የሚይዟቸው የሆም እትም ላፕቶፖች ናቸው። ከስድስቱ መካከል አራቱ ባሉበት ተሻሽለዋል፤ ሁለቱ ግን የቆየ ችግር ነበረባቸውና ፎርማት ተደርገው ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ተጭኖባቸዋል። ይህ ልዩነት በሽግግሩ ቀን እንደ ቀላል ነገር ታልፏል፤ ለሁለተኛው መቋረጥ አንዱ መነሻ ግን እሱ ነበር።

የመጀመሪያው መቋረጥ

ሰኞ ጠዋት በስድስቱ ፕሮ ማሽኖች ላይ «ዜድ» ሲጫን፣ የድርጅቱ የደኅንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ የእንግዳ ተጠቃሚ መግባትን እንደሚከለክል የሚገልጽ መልእክት መጣ። ባለቤቱ መልእክቱን ሲያነቡ ይህን ፖሊሲ ማን እንዳወጣው የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋን ጠየቁ፤ እሳቸውም እንዲህ ያለ ነገር ጽፈውም ፈርመውም እንደማያውቁ መለሱ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ፖሊሲ ያወጣ ሰው አልነበረም፤ የተለወጠው ማይክሮሶፍት በመስከረም 2017 ዓ.ም. ለገበያ ባወጣው የዊንዶውስ 11 «24ኤች2» ማሻሻያ ውስጥ የተቀመጠው መነሻ ቅንብር ነው።

ሥራውን ያደናገረው ሁለቱ የሆም ላፕቶፖች ፎልደሩን ያለ ምንም ችግር መክፈታቸው ነበር። ሁሉም ማሽኖች ላይ የተጫነው ዊንዶውስ 11 ስለሆነ፣ «እነዚያ ከሠሩ እነዚህ ለምን አይሠሩም» የሚለው ጥያቄ ሰዎቹን ወደ ኬብሉ፣ ወደ ስዊቹና ወደ ጫኙ ባለሙያ እጅ ጥራት ወሰዳቸው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የተለወጡት ደንቦች ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም የፕሮ እትምን ይነካሉ እንጂ የሆም እትምን አልነኩትም። አንደኛው፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ማሽን ላይ ያለ ፎልደርን በእንግዳነት፣ ማለትም ያለ ስምና ያለ ይለፍ ቃል፣ እንዳይከፍት የሚከለክለው ነው። ይህ ክልከላ በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን እትሞች ላይ ከዊንዶውስ 10 ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በ24ኤች2 ወደ ፕሮ ደርሷል። ሁለተኛው፣ የፋይል መጋሪያው ፕሮቶኮል ኤስኤምቢ የሚያመላልሰው እያንዳንዱ መልእክት ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረው የሚያስገድደው ነው።

የሁለቱ ደንቦች ግንኙነት መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ አንዱን አላልቶ ሌላውን መርሳት ይመጣል። መፈረሚያው ቁልፍ የሚገኘው ተጠቃሚው በይለፍ ቃሉ ማንነቱን ሲያረጋግጥ ከሚፈጠረው ምስጢር ነው። እንግዳ ይለፍ ቃል ስለሌለው በሁለቱ ማሽኖች መካከል የጋራ ምስጢር አይፈጠርም፤ ምስጢር ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ፊርማ የለም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት እንደማይቀበለው ሁሉ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ፊርማ የሌለውን መልስ አይቀበልም። ስለዚህ ችግሩ የዊንዶውስ 7ቱ ማሽን ማርጀት ብቻ አልነበረም። ዊንዶውስ 7 የሚናገረው የኤስኤምቢ 2.1 ቅጂ ፊርማን ያውቃል፤ ለመፈረም የጎደለው የሚገባው ሰው ስም ነበር።

በመጀመሪያ የተጠራው ባለሙያ በሁለት ማሽኖች ላይ ሬጅስትሪ ወደሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር ማኅደር ገብቶ እንግዳን ፈቀደ፤ አሁንም ሲከለከል የፊርማውን ግዴታ ጭምር አጠፋ። ሁለቱ ሠሩ። በቀሩት አራት ማሽኖች ላይ መንገዱን ቀይሮ፣ በ«ሰርቨሩ» ላይ ላለው ብቸኛ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል አበጀና ያንኑ በአራቱ ላይ አስገባ። ዊንዶውስ ይለፍ ቃል በሌለው አካውንት በኔትወርክ መግባትን በመነሻው ስለማይፈቅድ፣ ለአካውንቱ ይለፍ ቃል ማበጀቱ የማይቀር እርምጃ ነበር። በአንደኛው ማሽን ላይ ደግሞ ፒችትሪን «በአስተዳዳሪነት አስነሣ» የሚለውን ምልክት አደረገበት። ማምሻው ላይ ሥራ ተጀመረ፤ ባለሙያውም ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ሁለተኛው መቋረጥ

በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የታየው ምልክት ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። «ዜድ» በሁሉም ማሽን ላይ ይከፈታል፤ ፋይሎቹ ይታያሉ፤ ፒችትሪ ግን የሚነሣው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሙ ሊጀመር እንዳልቻለና ኮምፒውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩ የሚል መልእክት ያሳያሉ። ሠራተኞቹ አጥፍተው አበሩ፤ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው ማሽን ይለዋወጣል፤ ሁለት ላይ በአንድ ጊዜ ሠርቶ ግን አያውቅም። የጥቅምት ወር የቫት ማሳወቂያ ጊዜ እየቀረበ ስለነበር፣ ሒሳብ ሠራተኞቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተራ ይዘው ይመዘግቡ ጀመር።

ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ፒችትሪን መንካት ሳይሆን በአንደኛው ማሽን ላይ ፓወርሼል የተባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ከፍቶ የኤስኤምቢ ግንኙነቱን ማየት ነበር። ግንኙነቱ በ2.1 ቅጂ መሆኑና በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደተከፈተ ይታያል፤ የፋይል መጋራቱ ጤነኛ ነው። ኢቨንት ቪውወር በተባለው የዊንዶውስ ክስተት ማሳያ ውስጥ ባለው የኤስኤምቢ ደንበኛ የደኅንነት መዝገብ ላይም የሰኞ ጠዋቱ ክልከላ በቁጥር 31017 ተመዝግቦ አገኘሁ፤ ከሰኞ ወዲህ ግን አልተደገመም። ስለዚህ ሁለተኛው መቋረጥ ከመጀመሪያው የተለየ በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ፍለጋው ከፋይል መጋራቱ ወደ መረጃ ቋቱ ሞተር ተሻገረ።

ፒችትሪ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፐርቫሲቭ በተባለው የመረጃ ቋት ነው። ይህ ሞተር፣ ማለትም መረጃውን የሚያነብና የሚጽፈው ፕሮግራም፣ ለአነስተኛ ቢሮ በሚሆነው የዎርክግሩፕ ቅጂው በየኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ አሠራሩም የራሱ ሥርዓት አለው። መረጃው ባለበት ማሽን ላይ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ሁሉም ጥያቄ ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ ካልተገኘ ግን ፎልደሩን ቀድሞ የከፈተው ሠራተኛ ኮምፒውተር ሞተር «መግቢያ በር» ይሆንና ሌሎቹ ሁሉ በእሱ በኩል እንዲያልፉ ይገደዳሉ። በር የሆነው ማሽን ስሙን በመረጃው ፎልደር ውስጥ በሎክ በሚያልቅ ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል። ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትሁት። ውስጡ ያለው የ«ሰርቨሩ» ስም አልነበረም፤ «ዴስክቶፕ» ከሚል ቃል ቀጥሎ ትርጉም የሌላቸው ፊደሎችና ቁጥሮች የተደረደሩበት፣ ዊንዶውስ ለአዲስ ማሽን በራሱ የሚሰጠው ዓይነት ስም ነው። ከሁለቱ ፎርማት ከተደረጉት አንዱ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ወደ ገንዘብ ያዡ ክፍል ሄጄ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ ስክሪኑን አበራሁ። ማሽኑ የይለፍ ቃል እየጠየቀ ቆሟል።

«ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይህን ማሽን ማን ነው የሚከፍተው?» አልኋቸው ገንዘብ ያዡን።

«ማንም አይከፍተውም ልጄ። ድሮ ራሱ ነበር የሚገባው። ያ ልጅ ፓስዎርድ ካደረገበት ወዲህ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ለእኔ ደግሞ ፓስዎርዱን የነገረኝ የለም።»

ሰንሰለቱ በዚህ ንግግር ተሟላ። በዚህ ማሽን ላይ የፐርቫሲቭ ሞተር የተጫነው እንደ ሰርቪስ ሳይሆን ተጠቃሚው ሲገባ አብሮት እንደሚነሣ ተራ ፕሮግራም ነው። ይለፍ ቃል እስካልነበረ ድረስ ማሽኑ ራሱ ይገባ ስለነበር ልዩነቱ አይታይም ነበር። ይለፍ ቃል ሲመጣ መግባቱ ቆመ፤ ሞተሩም አብሮ ቆመ፤ የፋይል መጋራቱ ግን ሰው ባይገባም የሚሠራ ሰርቪስ ስለሆነ «ዜድ» እንደ ተከፈተ ቀረ። ጠዋት ቀድማ የምትገባው ሒሳብ ሠራተኛ ፎርማት የተደረገውን ኮምፒውተር ትጠቀማለች። የእሷ ማሽን በር ሆነ። ዊንዶውስ 11 አዲስ ኔትወርክን በመነሻው «ሕዝባዊ» ብሎ ስለሚመድብ ግን፣ ሌሎቹ የፐርቫሲቭን ጥያቄ ፖርት በሚባለው የኔትወርክ መስመር ቁጥር 3351 ሲልኩ የማሽኑ መከላከያ ፋየርዎል መለሳቸው። እሷ ትሠራለች፤ ሌላው ሁሉ ውጭ ቀረ። ሌላ ሰው ቀድሞ በገባበት ቀን የሚሠራው ማሽን የሚለዋወጠውም ለዚሁ ነው።

ለመጀመሪያው ባለሙያ ልናገርለት የሚገባ ነገር አለ። ይለፍ ቃል ማበጀቱ ትክክል ነበር። ያን ቀን ማምሻው ላይ ቢፈተን ምንም አይታይም፤ ጉድለቱን ለማየት ማሽኑ እንደገና መነሣት ነበረበት። በዚህ ከተማ መብራት ይህን ፈተና ለሁላችንም በነፃ ያደርግልናል፤ ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት ራሱ ቢያደርገው ግን ይሻል ነበር።

የተወሰደው መፍትሔ

በቢሮው ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ የፕሮቶኮሉን አሮጌ ቅጂ ኤስኤምቢ 1ን መመለስ ነበር። ይህን ሐሳብ ብዙ ቦታ እሰማለሁ፤ ሁልጊዜም እቃወማለሁ። ዊንዶውስ 7 በ2.1 ስለሚናገር ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጨምርም። ከዚህም በላይ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ከማሽን ወደ ማሽን የተዛመተው በዚሁ ፕሮቶኮል ቀዳዳ በኩል ነው፤ ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ እያለ ያልጫኑት ነበሩ የተጎዱት።

ሌላው ሐሳብ በሁለቱ ማሽኖች ላይ የተደረገውን ማላላት በሁሉም ላይ መድገም ነበር። ፈጣን ነው፤ ሥራውም የዚያኑ ቀን ያልቅ ነበር። ያልመረጥሁት ግን የቢሮው ዋይፋይ ይለፍ ቃል ወረፋ ለሚጠብቅ ደንበኛ ሁሉ የሚነገር በመሆኑ ነው። እንግዳን የሚቀበልና ፊርማ የማይጠይቅ ኮምፒውተር፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» የሚለውን ማንኛውንም ማሽን ያምናል። ስድስት ማሽኖችን ከማላላት አንዱን ማሽን ማጥበቅ ሥራውም ያነሰ፣ አደጋውም የቀነሰ ነው።

ሥራው የተሠራው ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ነው። በቅድሚያ ሁሉም ከፒችትሪ መውጣቱ ተረጋግጦ የመረጃው ቅጂ በውጭ ዲስክ ላይ ተወሰደ። ከዚያ በ«ሰርቨሩ» ላይ ለእያንዳንዱ ሒሳብ ሠራተኛ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው የራሱ አካውንት ተከፈተ። የፎልደሩ ፈቃድ ለእነዚህ ስሞች ብቻ ተሰጠ፤ «ለሁሉም» የሚለው ተነሣ፤ ይለፍ ቃል የመጠየቁ ቅንብርም ተመለሰ። በየኮምፒውተሩ ላይ ስሙና ይለፍ ቃሉ ክሬደንሻል ማኔጀር በተባለው የዊንዶውስ ይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ተቀመጠ፤ በሁለቱ ማሽኖች ላይ በሬጅስትሪ የተደረገው ማላላትም ተሻረ። የፐርቫሲቭ ሞተር ሰው ባይገባም እንዲነሣ ሰርቪስ ሆኖ እንደገና ተጫነ። ፎርማት የተደረጉት ሁለቱ ማሽኖች ኔትወርካቸው «የግል» ተብሎ ተመደበ፤ የሚነበብ ስምም ተሰጣቸው።

«በአስተዳዳሪነት አስነሣ» የሚለው ምልክት የተለየ ራስ ምታት ነበር። በዚያ ማሽን ላይ «ዜድ» በፋይል ማሳያው ይታያል፤ ፒችትሪ ግን እንዲህ ያለ ድራይቭ የለም ይላል። ዊንዶውስ አንድ ተጠቃሚ በተራ መብትና በአስተዳዳሪ መብት የሚያስነሣቸውን ፕሮግራሞች ለየብቻ ስለሚያይ፣ በአንዱ የተያያዘ ድራይቭ በሌላው አይታይም። ምልክቱ ሲነሣ ችግሩ ጠፋ። ለቆየ ፕሮግራም መድኃኒት ነው ተብሎ በልማድ የሚደረገው ይህ ምልክት ኔትወርክ ላይ ለሚሠራ ፕሮግራም መርዝ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በኮሪደሩ ያለው ኮፒ ማሽን የተቃኘ ዲክላራሲዮን ወደ አንደኛው ኮምፒውተር ፎልደር መላክ አቁሞ ነበር። የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። አምራቹ ያወጣው አዲስ ፈርምዌር፣ ማለትም የማሽኑ ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ሲጫንለትና የራሱ አካውንት ሲሰጠው ሠራ።

ከሁሉ በኋላ የ«ሰርቨሩ» የኃይል ኬብል ሆን ተብሎ ተነቅሎ ተመለሰ። ማሽኑ ተነሥቶ ይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ቆመ፤ ማንም ሳይነካው በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ ፒችትሪ ተከፍቶ ምዝገባ ተደረገ።

አስቀድሞ ሊታይ የሚችል የነበረው

የመጀመሪያውን መቋረጥ ከሽግግሩ በፊት ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር። መረጃው ባለበት ማሽን ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት ውስጥ የሼር ፎልደሮች ክፍል አለ፤ በዚያ ውስጥ «ሴሽንስ» የሚለው ሰንጠረዥ በዚያች ሰዓት የተገናኘውን ሁሉ ይዘረዝራል። በሰንጠረዡ ውስጥ የተገናኘው ሰው እንግዳ መሆን አለመሆኑን የሚናገር ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ሥር «አዎ» የሚል ካለ ያ ተጠቃሚ ወደ 24ኤች2 ፕሮ ሲሸጋገር ይቆማል፤ ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀጥተኛ ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ደግሞ የመረጃ ቋቱ ሞተር በሰርቪስ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት ይበቃ ነበር። ለሽግግር ከሚመደበው ቅዳሜ በፊት ባለው ዓርብ፣ ሥራው በሚበዛበት ሰዓት፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ማየት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ቡና አይበልጥም። ከሽግግሩ በኋላ አንድን ማሽን ለይቶ ፈትኖ ሌሎቹን ማስከተልም ይቻላል፤ የሚፈተነው ግን ከፕሮዎቹ አንዱ መሆን አለበት። እዚህ ቢሮ መጀመሪያ የተሞከረው ከሆም ላፕቶፖቹ አንዱ ነበር።

ዊንዶውስ 7ን በሚመለከት ለባለቤቱ የሰጠሁት አስተያየት አጭር ነው። ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ያበቃ ሲስተም የድርጅቱን ሙሉ ሒሳብ መያዝ የለበትም። የዊንዶውስ 11 ፕሮ ማሽን በአንድ ጊዜ እስከ 20 ግንኙነት ስለሚቀበል ለስምንት ሠራተኛ ይበቃል፤ የቆየው የፒችትሪ ቅጂ ግን ለዊንዶውስ 11 የተሠራ ስላልሆነ መረጃው ከመዛወሩ በፊት በቅጂ ላይ፣ ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ እየመዘገበ መፈተን አለበት። ባለቤቱ ዝውውሩ ከቫት ማሳወቂያው በኋላ እንዲሆን ወሰኑ። እስከዚያ ድረስ ዊንዶውስ 7ቱ ማሽን ቋሚ አድራሻ ተሰጥቶት፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት መንገድ በራውተሩ ላይ ተዘግቷል። የዩ.ፒ.ኤሱ ባትሪም ተቀይሯል። የአካውንቶቹ ዝርዝርና የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል፤ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የመልቀቂያ ቅጹ ላይ ከመፈረሙ በፊት አካውንቱ እንዲዘጋ እሳቸው በራሳቸው እጅ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምረዋል።